የሁለት ከአርባ ሰባቷ ጨረቃ

ሰመራ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኡበይዳ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእናትህን የመዲናን ጤንነት እጠይቃለሁ። አንተን ገብሩ ሚኒባሱን ሆቴላችሁ በር ላይ ሲያቆም እንዳየህና እንደወፈርክ ነግሮኛል፤ ስለዚህ አንተን አልጠይቅም። እኔ ደህና ነኝ። የሰመራን ሙቀት ግን ዘንድሮ ምን እንደነካው አላውቅም፤ ትናንት መነጽሬ በላብ እየተንሸራተተ ሦስት ጊዜ ከአፍንጫዬ ወደቀብኝ።

የጠየቅኸኝን ሁለት ቀን አሰብኩበት፤ መልሱ እሺ ነው፣ ካሜራውን ከነስታንዱ ገብሩ ያደርስልሃል። ካሜራዬን ለማንም አላውስም ነበር፤ ግን አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለህ ከካርቶን የሠራኸውን ካሜራ አልረሳሁትም። ምንም አያነሳም ነበር፤ ሥራው ግን ንጹሕ ነበር።

ይደውሉልኝ ያልከውን ተወው። ግራ ጆሮዬ ከተዘጋ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ቀኙም እሱን እየተከተለ ነው። በቴሌግራም የምትጽፉትን ደግሞ ግማሹን ፊደል ስለምትውጡት ሳነበው ያመኛል። ገብሩ በሳምንት ሁለቴ ይመላለሳል፤ ወረቀት ስጠው።

እሑድ ጳጉሜን 2 ማታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላው ጨረቃዋን ከዳር መብላት ይጀምራል። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሙሉ ለሙሉ ትቀላለች። ካሜራውን ስታንዱ ላይ አጥብቀህ እሰረው፤ ስታነሳ በጣትህ አትንካው፣ ራሱ ቆጥሮ እንዲያነሳ አድርገው። ትልቁን ሌንስ ከመግጠምህ በፊት በትንሹ ሌንስ አገሩን ጨምረህ አንድ ሁለት አንሳ። ጨረቃ ብቻዋን ስትሆን የትም ያለች ጨረቃ ናት፤ የአዋሽ መሆኗ የሚታወቀው ከሥሯ ባለው ነው።

አንድ ነገር አትርሳ። ካሜራው የእህቴ ልጅ ኩኩ ከዱባይ ስታመጣው እንደነበረ ነው፤ ሰዓቱ የዚያ አገር ነው። በእኛ ሰዓት ሙላው። ሰዓቱ ፎቶው ጥግ ላይ እንዲታተምም አድርግ። ጥላው በስንት ሰዓት የት እንደደረሰ ለተማሪዎቼ ላሳያቸው እፈልጋለሁ።

ሐጂ ከማሉዲን ለሽማግሌዎችህ እሺ ማለታቸውን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ልጃቸውን ዊዳድን አዋሽ ሳለሁ ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ስሌት ላይ ካንተ ትሻላለች፤ አስቀድመህ እንድታውቀው ነው።

መምህርትህ መንበረ


አዋሽ ሰባት፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር መንበረ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔም እናቴም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ሰላም ብላለች፤ ሳይቀየሙ ደግሞ "ሰመራን ትተው ወደ እኛ ይምጡ፣ እዚህ ቢያንስ ወንዝ አለ" በልልኝ ብላለች።

ቲቸር፣ አነሳኋት። ስልሳ አራት ፎቶ። ከስልሳ አራቱ ሃያው የረባ ነው፤ ከሃያው ደግሞ ስድስቱን ሳይ ራሴ ነኝ ያነሳሁት ብዬ ማመን አቅቶኛል። መጀመሪያ ደመና ነበር፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አንድ ሰዓት ላይ ገለጥ አለ። ስትቀላ ዝም ብዬ ሳያት ማንሳቱን ረስቼው ነበር። የሸክላ ጀበና ዓይነት ቀለም ናት።

በገብሩ በኩል እንዳሉኝ አዋሽ አርባ ሄጄ ከመብራት ርቄ ያላነሳሁት ስታንዱ በባጃጅ እንዳይንገላታብኝ ብዬ ነው። ያነሳሁት ከሆቴላችን ቴራስ ላይ ሆኜ ነው። ከሥር የመስጊዱ ግቢ አለ፣ ከመስጊዱ ወዲያ የእነ ሐጂ ጣሪያ። ሰዎቹ ከኢሻእ፣ ከማታው ሶላት፣ በኋላ ለግርዶሽ የሚሰገደውን ሶላት፣ ኹሱፍን፣ ይሰግዱ ነበር። ተቁሞ የሚቆይበት ቁመቱ በጣም ረጅም ነው፤ ኢማሙ ቁርአን ቀርተው ቀርተው የማይጨርሱ ነበር የመሰለኝ። እኔ ኋላ ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን ሰገድኩ።

ካሜራዎ ግን ጳጉሜን አያውቅም። ወር ሲለኝ 13 ብዬ ብሞላ እምቢ አለ። ሞክሬ ሞክሬ ሲያናድደኝ ቀኑን ትቼ ሰዓቱ ብቻ እንዲታተም አደረግኩ። ሰዓቱን እንዳዘዙኝ በእኛ ሰዓት ሞልቼዋለሁ፤ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ብዬ።

ከሰፊዎቹ አንዱ መስጊዱና ቀይዋ ጨረቃ አንድ ላይ የወጡበት ነው። ፎቶ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳትሜ ለሐጂ ለዘመን መለወጫ ሰሞን ስጦታ ልሰጣቸው ነው። የእኔንና የዊዳድን የኒካህ፣ የጋብቻ ውሉን፣ ቀን የሚቆርጡት በመስከረም ነውና ፊታቸው ፈካ ብሎ ቢቆየኝ ምናለ።

ተማሪዎ ኡበይዳ


ሰመራ፣ መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለኡበይዳ፤

እንኳን ዓመቱ ተለወጠልህ። ገብሩ ለበዓል አገሩ ሄዶ ስለነበር ደብዳቤህ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው፤ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ።

ቀናሁብህ። እኛ ጋ ያን ማታ አቧራው ሰማዩን እንደ ጆንያ ሸፍኖት ነበር። ወንበር አውጥቼ እስከ አምስት ሰዓት ተቀምጬ ያየሁት ነገር ቢኖር የጎረቤቴን ድመት ነው። ስለዚህ የኔ ግርዶሽ ያንተ ሚሞሪ ላይ ነው ያለውና ቶሎ ላክልኝ።

ለሐጂ የምትሰጠውን አትቸኩልበት። ፎቶ ቤት ያሉት ልጆች ፎቶ ሲያትሙ እንደፈለጋቸው ያጠቁራሉ፣ ያነጣሉ። መጀመሪያ እኔ ልየውና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ልንገርህ።

ስለ ስታንዱ የጻፍከውን አላመንኩም፤ ስታንዱ የብረት ነው። ግን አልጠይቅህም።

መንበረ


አዋሽ ሰባት፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር መንበረ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ሚሞሪውን ዛሬ ያልላክሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ ስጦታው ለመከሩኝ አመሰግናለሁ፤ ግን ቀድሞ ተሰጥቷል።

ካሜራዎን በሚቀጥለው ገብሩ ሲመጣ እመልሳለሁ። ፎቶ ማንሳቱን ለጊዜው ትቻለሁ።

ኡበይዳ


ሰመራ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለኡበይዳ፤

ሠላሳ ዓመት የተማሪ ወረቀት አርሜያለሁ። መልሱን ያላወቀ ልጅ ብዙ ይጽፋል፤ የተመታ ልጅ ግን አጭር ይጽፋል። ደብዳቤህ ደግሞ አጭር ነው፣ "ሥራ በዝቶብኝ" የሚል አለበት፣ ሰላምታው ውስጥ እናትህ የለችም።

ገብሩን ጠየቅሁት። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሆቴሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል" አለኝ። ገብሩ የማያውቀው ነገር አዋሽ ውስጥ እንደሌለ እኔም አንተም እናውቃለን።

ካሜራውን እንዳትመልስልኝ። ምን እንደሆንክ ጻፍልኝ። ሆዴ ሲባባ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ በዚህ ሙቀት ላይ ያ ተጨምሮ አልችለውም።

መንበረ


አዋሽ ሰባት፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር መንበረ፤

እሺ፣ ልንገርዎት። እናቴ "ለቲቸር ካልጻፍክ እኔ ራሴ ሰመራ እሄዳለሁ" ብላኛለች።

ፎቶውን በፍሬም አድርጌ ለሐጂ ወሰድኩላቸው። በጣም ወደዱት፤ "ማሻአላህ፣ መስጊዳችን እንዲህ ታምራለች" ብለው የግንባታ ዕቃ ሱቃቸው ውስጥ፣ ከሲሚንቶው በላይ ሰቀሉት። ሁለት ቀን እዚያው ዋለ። በሦስተኛው ቀን የዊዳድ ወንድም መሀመድአሚን ቀረብ ብሎ ሲያየው፣ ዳር ላይ የራሳቸውን ጣሪያ አየ። የውሃ ሮቶው አጠገብ አንዲት ሴት ቆማለች። ትንሽ ናት፣ ጥላ ናት፤ ግን እህቱን አይስታትም። እኔ ሳነሳም ሳሳትምም አላየኋትም፤ ወላሂ አላየኋትም።

ከሥር ደግሞ በብርቱካን ቀለም ተጽፏል፤ 02:47፣ ኤ ኤም።

መሀመድአሚን አዲስ አበባ የተማረ ነው። ኤ ኤም ማለት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፣ የፈረንጅ ሁለት ከአርባ ሰባት በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ከአርባ ሰባት ነው ብሎ ለአባቱ አስረዳ። ሐጂ አስጠሩኝ። ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አድርገው "አገር በተኛበት ሰዓት ልጄ ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች? አንተስ ከፊት ለፊቷ ካሜራ ይዘህ ምን ትሠራለህ?" አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ግርዶሹ እኮ ነው፣ ጨረቃዋ ቀይ ናት አልኩ። መሀመድአሚን "ጨረቃ በአቧራ ውስጥ ስትጠልቅም ትቀላለች" አለ። ካሜራው በሐበሻ ሰዓት ነው የተሞላው አልኩ። "ካሜራ ሐበሻ ሆኖ አያውቅም" ብሎ ሳቀብኝ። የየትኛው ቀን እንደሆነ ይይ እንዳልል ቀኑን እኔው ራሴ አጥፍቼዋለሁ። ሌሎቹን ፎቶዎች በካሜራው ላሳይ ስል "ካሜራውን የያዘ የፈለገውን ያደርግበታል" አሉኝ። ዊዳድም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው የወጣሁት ብላቸው ነበር፤ ተማክራችሁ ነው አሏት።

ሐጂ ሽማግሌዎቹን ጠርተው ቃላቸውን አንስተዋል። ስልኳን ወስደውባታል። መስከረም 20 ኮምቦልቻ አክስቷ ጋ ሊልኳት ነው፤ ከሄደች እዚያው እንደሚድሯት አውቃለሁ። ቲቸር፣ እናቴ ፊት ደህና መስዬ እውላለሁ፤ ማታ ግን ያችን ቴራስ ማየት አልችልም።

አንድ የደበቅኩዎት ነገር አለ። አዋሽ አርባ ያልሄድኩት በስታንዱ ምክንያት አይደለም። ለዊዳድ "ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጣሪያ ላይ ወጥተሽ እይ፣ ደግመሽ አታገኚውም" ብያት ነበር። እሷ ከጣሪያዋ፣ እኔ ከቴራሴ፣ አንድ ጨረቃ እንድናይ ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ሰግዳ ነው የወጣችው። ከዚያ የዘለለ ምንም የለም። ይህን ለሐጂ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?

ሚሞሪውን እዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ተማሪዎችዎን ያሳዩበት፤ እኔ መልሼ ማየት አልፈልግም።

ኡበይዳ


ሰመራ፣ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለኡበይዳ፤

ይቅርታ አድርግልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው።

"በእኛ ሰዓት ሙላው" ያልኩህ እኔ ነኝ። በልቤ ያሰብኩት የዱባይ ሳይሆን የአገራችን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚባለውን ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩልን ካሜራ ሃያ ከሠላሳ ነው የሚለው። አንተ ደግሞ ያልኩህን ቃል በቃል ፈጸምክ፤ የእኛ ሰዓት የእኛ ሰዓት ነው። ልጆችን "ጥያቄውን በደንብ አንብቡ" እያልኩ አርጅቼ እኔ ጥያቄውን በደንብ አልጻፍኩም። ሰዓቱ ይታተም ያልኩም እኔ፣ በሰፊው አንሳ ያልኩም እኔ።

ሚሞሪህን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ጨረቃዎችህ ግሩም ናቸው፤ ስለ እነሱ ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ። ያችን አንዷን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያት አደርኩ። እንደፈራሁት ፎቶ ቤቱ ጨረቃዋ ትድመቅ ብሎ ከታች ያለውን ሁሉ አጥቁሮት መሆን አለበት። እኔ ጥቁሩን ገለጥኩት። የመስጊዱ ግቢ ባዶ አይደለም ኡበይዳ፤ ሰው ሞልቶታል። በግቢው አምፖል ሦስት ረድፍ ሙሉ ቆጠርኩ። ቁመቱ ረጅም ነው ያልከኝ እውነት ነው፤ ካሜራው ሁለት ሰከንድ ሙሉ ዓይኑን ከፍቶ ሲቆይ አንድም ሰው አልተወዛወዘም፤ ሁሉም ጥርት ብለው ወጥተዋል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት ረድፍ ሙሉ ሰው በዚያ ግቢ ሲሰግድ ያየ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

በሁለተኛው ረድፍ ዳር አንድ ሽማግሌ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አይለይም። የወንበሩ አንድ እግር ላይ ቢጫ ነገር ተጠምጥሞበታል። ማን እንደሆኑ ጠይቀህ ድረስባቸው፤ ያን ማታ መስገዳቸውን ይመስክሩልህ።

ፎቶውን እንደገለጥኩት አድርጌ እዚህ በትልቁ አሳትሜዋለሁ፤ ገብሩ በካርቶን መሀል አድርጎ ይዞታል፣ እንዳያጥፈው አስምዬዋለሁ። ለሐጂ የጻፍኩትን በሌላ ፖስታ አሽጌያለሁ። እንዳትከፍተው።

ግን አንድ ነገር እወቅ። ይህ ፎቶ አንተን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያወጣህ፣ ሰው ሁሉ ለሶላት ሲቆም አንተ ቴራስ ላይ እንደነበርክ በግልጽ ይናገራል። ወዲያም ወዲህም አያስመልጥህም።

ልንገር ወይስ ዝም ልበል ላልከኝ፤ እኔ በሐጂ ቤት ጉዳይ የምገባ ሰው አይደለሁም። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን የተገኘውን ውጤት ብቻ ሳይሆን ያበላሻችሁትንም ጻፉ እላችሁ ነበር። አንተ ያበላሸኸውን እያጠፋህ ትጽፍ ነበር፤ እኔም አይ ነበር።

ቀኑ ሰባት ቀርቶታል። ፍጠን።

መንበረ


አዋሽ ሰባት፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ለተወደዱ ቲቸር መንበረ፤

ዊዳድ አትሄድም። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት እንደ እኔ ልብዎ እየመታ እንዳያነቡ ብዬ ነው። አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍልዎት።

ገብሩ ጎማ ፈንድቶበት ገዋኔ አድሮ ትናንት ደረሰ። እኔ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ኪሎ ሳልቀንስ አልቀረሁም። ፎቶውንና ፖስታውን ይዤ ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። እናቴ ከኋላዬ ስትከተለኝ አላየኋትም፤ በኋላ ነው ሲሚንቶው ጋ ቆማ ያየኋት።

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤዎን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ሲጨርሱ "መምህርቷ ጥፋቱን ሁሉ በራሷ ላይ አድርጋለች፤ ጥሩ ሴት ናት። ግን ላንተ አዝና ነው" ብለው አጠፉት። ያኔ ቅስሜ ስብር አለ። እንደዚያም ሆኖ ፎቶውን ዘረጋሁላቸው።

ከዚያ ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። ጣታቸውን ከረድፍ ረድፍ አሻገሩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ "መሀመድአሚን፣ ወንበሯን አምጣ" አሉ።

"የትኛዋን?" አለ።

"እግሯን የጠመጠምኩላትን ነዋ።"

ከውስጥ አመጣት። ቲቸር፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ናት፤ አንድ እግሯ ተሰንጥቆ ሐጂ ራሳቸው በቢጫ የመብራት ሽቦ ጠምጥመዋታል። እርስዎ ድረስባቸው ያሉኝ ሽማግሌ ሐጂ ነበሩ። እኔ እኮ ደብዳቤዎን አንብቤ መንገድ ላይ "ማን ይሆን፣ የት አገኛቸው ይሆን" እያልኩ ነበር የመጣሁት።

ወንበሯን አጠገባቸው አስቀምጠው አንዴ እሷን፣ አንዴ ፎቶውን አዩ። "ይቺ ወንበር ከዚህ ሱቅ ወጥታ የምታውቀው አንድ ማታ ብቻ ነው" አሉ። "ጉልበቴ የኹሱፍን ቁመት አይችልም ብዬ እኔው ተሸክሜ የወሰድኳት ማታ። በማግሥቱ ሰው አየኝ አላየኝ እያልኩ ስሳቀቅ ነበር የዋልኩት።" ከዚያ ልጃቸውን ዞረው "ወይ እኔ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኝቼ ሳለሁ ወንበር ተሸክሜ እሄዳለሁ፣ ወይ አንተ ሰዓት ማንበብ አትችልም" አሉት።

ወንበሯ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ። እናቴ ከሲሚንቶው በስተጀርባ አልሐምዱሊላህ ስትል ሰማኋት። እኔ መሳቅም ማልቀስም አልቻልኩም፤ የሚስማር ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ቀን ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር ያኔ ነው የወረደልኝ። ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚተኛውን እንቅልፍ ተኛሁ።

ቀላል ግን አልነበረም። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ፎቶውን ወደ እኔ አዙረው "እኔ እዚህ ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እዚህ ነው። አንተ የት ነበርክ?" አሉኝ። ቴራስ ላይ አልኩ። ብቻዬን ነው የሰገድኩት፣ ያውም ኋላ ነው አልኩ። ከዚያ የላቦራቶሪውን ነገር አስታወስኩና ያበላሸሁትንም ነገርኳቸው፤ ዊዳድ እንድትወጣ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ አንድ ጨረቃ እንድናይ ብዬ ነው አልኩ። መሀመድአሚን ብድግ አለ። ሐጂ በእጃቸው አስቀመጡት።

"ይህን ወንበሯን ሳላይ ብትነግረኝ ኖሮ ከዚህ ሱቅ በእግርህ አትወጣም ነበር" አሉኝ። ትንሽ አሰቡና "ልጄን ሰማይ እይ ብለሃታል። እሺ። ከእንግዲህ የምትነግራት ነገር ካለህ ከኒካህ በኋላ ንገራት" አሉ። ኒካሁ ጥቅምት 7፣ ዓርብ ነው። ካልመጡ እናቴ ይቅር አትልዎትም።

አንድ ግዴታ ጭነውብኛል። በሚቀጥለው ግርዶሽ ካሜራ የሚባል ነገር እጄ ላይ እንዳያዩ፤ ሰፍ ውስጥ፣ በሰጋጆቹ ረድፍ፣ ከወንበራቸው አጠገብ ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድሰግድ። ቃል ገብቻለሁ። የሚቀጥለው መቼ ነው?

መሀመድአሚን ማታ ሆቴላችን መጥቶ ለስላሳ አዞ ጠጣ። ሊሄድ ሲነሳ "ካሜራ ሐበሻ ሆኖ አያውቅም ብዬህ ነበር፤ ለካ ይሆናል" አለኝ። ከእሱ አፍ ይቅርታ ማለት ይህ ነው።

ዊዳድ የታሰረ ሻንጣዋን ፈትታለች። ለእርስዎ የላከችው መልእክት አለ፤ እንዳለችው ልጻፈው። "ሰዓቱን እኔ ሞልቼው ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር በላቸው።"

እርስዎ የገለጡት ፎቶ አሁን በድሮው ቦታ ተሰቅሏል። ሐጂ ከመስቀላቸው በፊት ወፍራም እስክሪብቶ አውጥተው ከ02:47 በፊት በራሳቸው እጅ አንድ ቃል ጽፈውበታል። "ከምሽቱ" ይላል።

ተማሪዎ ኡበይዳ


ሰመራ፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለኡበይዳ፤

ደብዳቤህን ክፍል ልገባ ስል ነው ገብሩ የሰጠኝ። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሳነብ በሩ ላይ ቆሜ እፎይ አልኩ፤ ተማሪዎቹ ሰሙኝና ሳቁ። ይሳቁ። እኔም ስምንት ቀን ሙሉ ምግብ አልበላልህ ብሎኝ ነበር፤ ያን ቀን ምሳዬን ደግሜ በላሁ።

ለእናትህ እመጣለሁ በላት። ጥቅምት 6 ከገብሩ ኋላ ወንበር ላይ ነኝ፤ ከፊት አልቀመጥም፣ ሲነዳ ያወራል፣ እኔም አልሰማውም። ለሐጂ ደግሞ ከእናንተ ቀድሜ ያ ሽማግሌ ማን እንደሆኑ የጠየቅሁት እኔ መሆኔን ንገራቸው፤ ጉልበታቸውን የሚያሻሽል ቅባት ይዤ እመጣለሁ።

መቼ ነው ላልከኝ አስልቼዋለሁ። ከአገራችን ሙሉው የሚታይ የሚቀጥለው ግርዶሽ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትቀላለች። ከምሽቱ ብያለሁ፤ ሐጂ አስተምረውኛል። ሦስት ዓመት ከሦስት ወር አለህ፤ ቁመትህን እስከዚያ ተለማመድ።

ያን ማታ አንተ ሰፍ ውስጥ ነህ፤ ቃል ገብተሃል። ስለዚህ ካሜራውን አትመልስልኝ። ለአንተም አይደለም የምሰጠው፤ በሠርጉ ዕለት በእጄ ተቀብዬህ ለዊዳድ እሰጣታለሁ። ሰግዳ ስትጨርስ ጣሪያዋ ላይ ትውጣ፣ ከሮቶው አጠገብ ስታንዱን ትትከል፣ በሰፊው ታንሳ። አንተንና ሐጂን፣ አንዱ ቆሞ አንዱ ተቀምጦ፣ ከነቢጫ ሽቦው ላያችሁ እፈልጋለሁ።

ሰዓቱን እሷ ትሙላው። በየትኛው እንደሆነ አልነግራትም።

መምህርታችሁ መንበረ